ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ፦ ሀዋሳ ያላችሁ እንዴት አደረጋችሁት?

ሐይቅዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን ካደረግሁ ግማሽ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስሊቭ የሚባለው ነው፤ ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ የሚወጣበት። የተሠራሁት አዲስ አበባ ነው፤ ኑሮዬ ሀዋሳ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልፏል። ቁስሉ ድኗል፣ ስኳሬ ወርዷል፣ ሐኪሜም መድኃኒቱን ቀንሶልኛል። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ እየተባለ የሚታለፈውንም ጨርሻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የከበደኝ ሌላ ነው። እኛ አገር ሰው ብቻውን አይበላም። ትሪው መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም ይከበዋል። እኔ አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ምግብ ከበላሁ ጠግቤያለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ ከተጨመረ ደረቴ ላይ ይቆማል። አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፣ ተነሥቼ ወደ ጓሮ መውጣት አለብኝ። ይህን ያላየ ሰው ደግሞ ምግቡን የናቅሁበት ይመስለዋል።

ሌላው ደግሞ የሰፈር ወሬ። "ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?" የማይለኝ የለም። ከኋላዬ ምን እንደሚባል እናንተም ታውቁታላችሁ። አማቴ ጸበል ካልወሰድኩሽ ብለው አለቀሱ። ለሳቸው የነገርኳቸው "ጨጓራዬን ታክሜ ነው" ብቻ ነው።

አሁን የባለቤቴ እህት ሰርግ ደርሷል። ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል ተከታትለው ይመጣሉ። ጉርሻ እንዴት ትመልሳላችሁ? ለሰው ትናገራላችሁ ወይስ ትደብቃላችሁ? ቤት ውስጥስ ምን ሠርታችሁ ትበላላችሁ? ኢንተርኔት ላይ የማገኘው ምክር ሁሉ ስለ ዶሮ ደረትና ስለ ፕሮቲን ዱቄት ነው። የኛ ወጥ፣ የኛ ሽሮ፣ የኛ ጾም የለበትም።

የታቦር ልጅ

እህቴ እንኳን በሰላም ወጣሽ። እኔ ባይፓስ ነው ያደረግሁት፣ ጨጓራን አሳንሶ በአቋራጭ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው፤ ካንቺ ቆየት ብያለሁ። ከምግቡ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል።

ሀዋሳ ሆነሽ በፕሮቲን አትቸገሪም። ሐይቁ አጠገብሽ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውረጂ። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እዚያው ገፈው፣ አጥንቱን አውጥተው ይሰጡሻል። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ እግርሽ ሥር ይቆማሉ፤ ያንን የለመድሽው ነው። 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እኛ በቀን የሚፈለግብን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ሆዳችን ለምትይዘው መጠን ከዓሣ የተሻለ አላገኘሁም። ለስላሳ ነው፣ ይፈርሳል፣ አይቆምም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በጥቂት ዘይት ይቁላላል፣ ትንሽ ውሃ ይገባል፣ ዓሣው ከላይ ይቀመጥና ይከደናል። ሲወርድ ሎሚ። በሹካ እየፈረፈርኩ ቀስ ብዬ እበላለሁ። የተጠበሰውን ለጊዜው ተዪው፤ ቅርፊቱ ይደርቃል፣ ዘይቱም ያጥወለውላል። ዓሣ ሾርባ ደግሞ ለደካማ ቀን ነው። አምባዛ ሰባ ስለሚል እኔ አይስማማኝም፤ የሚስማማው ሰው ግን አውቃለሁ።

ትሪ ላይ ስቀርብ ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ አይቡ፣ ምስሩ። እንጀራ መጨረሻ ላይ፣ ቦታ ከተረፈ። እንጀራ ሲገባ ትንሽ ነው፣ ሆድ ውስጥ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ድፎ ዳቦማ ይብሳል፤ ሊጥ ሆኖ ይቆማል። ዳቦ ካማረሽ አድርቀሽ በደንብ አኝከሽ ሞክሪው።

ጉርሻውን በተመለከተ የረዳኝ አንድ ዘዴ አለ። አጉራሽ ሁኚ። ትሪው እንደቀረበ ቀድመሽ አማትሽን፣ ቀጥሎ አጠገብሽ ያለውን፣ ቀጥሎ ልጆቹን አጉርሺ። እጅሽ ሥራ ላይ ነው፣ ፊትሽ ፈገግታ አለው፣ ማንም ምን እንደበላሽ አይቆጥርም። ሊያጎርስሽ ለመጣው ደግሞ "ትንሽዬ" ብለሽ ጫፍ ብቻ ተቀበይ። አንዷን ተቀብለሽ ረጅም ጊዜ አኝኪ። አፍሽ ውስጥ ምግብ እያለ ሁለተኛ የሚያጎርስ ሰው አላጋጠመኝም።

እናት ዓለም

ሰላም ውዴ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። የሚያውቁት ባለቤቴና እህቴ ብቻ ናቸው። ለምን ብትይ፣ ሰው ሁለት ነገር ነው የሚለው። አንደኛው "በገንዘቧ ሆዷን አስቆረጠች" ነው። ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዷን ቁራሽ መቁጠር ነው። "ይሄ ይፈቀድልሻል? ያኛው አይከለከልም?" እያሉ። ኦፕራሲዮኑ የጤና ጉዳይ ነው፣ የጤና ጉዳይ ደግሞ የግል ነው። "ጨጓራዬ ብዙ አይችልም፣ ሐኪም ነው ያዘዘኝ" በቂ መልስ ነው። ውሸትም አይደለም።

የሲዳማ ልጅ

እኔ ባይፓስ ነኝ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ቤተሰብ ጋ ስሄድ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ቡርሳሜ በሻፌታ፣ በሸክላው ገበታ፣ ቀርቧል። ከወሳ (ከእንሰት) እና ከቅቤ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል። ከአንድ ሻፌታ ነው የሚበላው፤ አለመብላት ከቤተሰቡ መራቅ ይመስላል። ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ቅቤው ወዲያው አጥወለወለኝ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ልቤ መታ፣ ተኛሁ።

በቀጣዩ በዓል ቀድሜ ለአያቴ ነገርኳቸው። በሲዳምኛ፣ ቁጭ ብዬ፣ ምን እንደተደረገልኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሰሙኝ። ከዚያ ሻፌታው ሲቀርብ እሳቸው ራሳቸው ጫፉን በጣታቸው ነክተው አቀመሱኝና "በልቷል" አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም። እርጎዬን ይዤ ተጫወትኩ። ለዚህ ነው እኔ መናገር የምለው፤ ግን ለሁሉም ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ቃሉ ለሚሰማ አንድ ሰው። አንቺ ቤት ያ ሰው አማትሽ ይመስሉኛል።

እናት ዓለም

የአንተ አያት አስተዋይ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ሁሉም ቤት እንዲህ አይነት ሰው የለም።

ነርስ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ። የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ፤ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ለክትትል የሚመጡ ሰዎችን አያለሁ። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሐኪማችሁ ያላችሁን ግን አይተካም።

ላብ፣ የልብ መምታት፣ ማጥወልወል የተባለው ዳምፒንግ ይባላል። ምግቡ፣ በተለይ ስኳር ያለበት፣ ቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ ነው የሚመጣው። ብዙውን ጊዜ በልቶ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣም አለ፤ ያኛው ስኳር ከደም ሲወርድ ነው፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያዞራል። ባይፓስ ላይ ይበዛል፣ ስሊቭም ላይ አለ። ስለዚህ ሰርግ ላይ ኬክ፣ ለስላሳ፣ ጁስ ተጠንቀቁ። ስፕሪስ ጤናማ ይመስላል እንጂ አንድ ብርጭቆው ብዙ ስኳር ነው። አምቦ ውሃም ጋዝ ስላለው ይነፋል።

ውሃና ምግብ አይገናኙም። ከበላችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ቆዩና ጠጡ። ቀኑን ሙሉ ግን ጠርሙስ ከእጃችሁ አይለይ፤ ጉንጭ ጉንጭ እያላችሁ። ሀዋሳ ሞቃት ናት፤ ራስ ምታትና ድካም ይዞት የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ውሃ ያነሰው ነው።

ኪኒን የማይቀር ነው፤ የዕድሜ ልክ ነው። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ብረትና ካልሲየም አንድ ላይ አትዋጡ፤ ቢያንስ 2 ሰዓት ይለያያቸው። ብረትን ከቡናና ከሻይም አርቁ። በቡና የምትውጥ እናት አይቻለሁ፤ ደሟ ለምን እንደማይጨምር ግራ ገብቷት ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም የምትቀመጡ ከሆነ ብረቱን ማታ አድርጉት።

ሕመም ሲመጣ ፋርማሲ ሄዳችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዙ። በተለይ ባይፓስ ያደረጋችሁ። ቁስለት ያመጣል። ፓራሲታሞል ይሻላል። መርፌም ሊወጓችሁ ሲሉ ቀድማችሁ ተናገሩ።

አንድ አደገኛ ነገር ደግሞ አለ። ማስመለስ ለቀናት ካልቆመ ቤት አትቀመጡ። ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቃል። እግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ከመጣ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ። "ጨጓራዬን ታክሜያለሁ" ብቻ አትበሉ፤ ምን ዓይነት ኦፕራሲዮን እንደሆነ በስሙ ንገሯቸው። እዚህ ላይ መደበቅ አይሠራም፣ እናት ዓለም።

እናት ዓለም

ለሐኪም እናገራለሁ እህቴ። እሱን አልደብቅም። ያልኩት ለጎረቤት ነው።

ገና እያሰብኩ

ላደርገው እያሰብኩ ስለሆነ ነው። ፀጉር ይረግፋል የሚባለው እውነት ነው?

የመናኸሪያዋ

ይረግፋል። ከ3ኛው ወር በኋላ ይጀምራል፣ ማበጠሪያ ሙሉ ይወጣል፣ ያስደነግጣል። ሰውነት በአንዴ ሲከሳ የሚመጣ ነው። ፕሮቲንና ብረት ካልጎደለሽ ይመለሳል። የኔ ተመልሷል፤ አሁን ሹሩባ እሠራለሁ።

ወጣት ከሆንሽ ደግሞ ሌላ ልንገርሽ። ክብደት ሲቀንስ ማርገዝ ይቀላል። ለዓመታት ያላረገዘች ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ሐኪሞች ግን ከ12 እስከ 18 ወር ጠብቁ ይላሉ፤ ሰውነት በሚከሳበት ጊዜ ለፅንሱ የሚበቃ አይኖርም። ባይፓስ ካደረግሽ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ አያስተማምንም፤ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ጠይቂ። አማት "አሁን ጤናሽ ተመለሰ፣ ልጅ መቼ ነው?" ማለታቸው አይቀርም። መልስሽን አዘጋጂ።

ጋሽ ነኝ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ ቆየሁ። ኦፕራሲዮኑን ያደረገችው ሴት ልጄ ናት። ስለ ጾም ያነሳችው እህት አለች፣ ስለዚያ የሆነውን ልናገር።

ልጄ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን እጾማለሁ አለች። እኔም ደስ አለኝ፣ እናቷም። ሐኪሙ ግን ገና ነሽ ብሏት ነበር። ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ያለችበትን ሁሉ ነገረቻቸው። "ለታመመ ጾም አይገደድም፣ እስክትጠነክሪ ሐኪምሽን ስሚ፣ ጸሎትሽን አታጓድዪ" አሏት። እኔ አባቷ ከሳቸው አፍ ስሰማው ነው የተረጋጋሁት። ልጄ ብትነግረኝ ኖሮ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

አሁን በሁለተኛው ዓመቷ ትጾማለች፣ በሐኪሙ ፈቃድ። እናቷ ምስር ክክ በደንብ አፍርሳ፣ ሽሮውን ወፈር አድርጋ፣ ሽምብራ ቀቅላ ትፈጭላታለች። የለውዝ ቅቤ በማንኪያ ትወስዳለች። በየ3 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን ትታዋለች፤ ያንንም ንስሐ አባቷ ያውቃሉ።

ሐይቅዳር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለአማቴ አነብላቸዋለሁ።

የአቶቴዋ

ለኛስ? ረመዳን እየደረሰ ነው፣ እኔ ገና አምስተኛ ወሬ ላይ ነኝ። ቀን ውሃ ሳልጠጣ መዋሉ ያስፈራኛል።

ነርስ ነኝ

እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ሌላው ሰው በመግሪብ ጊዜ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ይክሰዋል፤ አንቺ በአንዴ መጠጣት አትችዪም። በአፍጥርና በሱሁር መካከል ያለው ሰዓት ደግሞ ለውሃ፣ ለፕሮቲንና ለኪኒን አይበቃም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት አንመክርም። ሐኪምሽን አማክሪ፤ ለታማሚ ፈቃድ እንዳለ አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ለወደፊት ስትጾሚ አፍጥር ላይ በሳምቡሳ አትጀምሪ። አንድ ቴምር፣ ውሃ ጉንጭ ጉንጭ፣ ቆይተሽ ሾርባ።

የመናኸሪያዋ

ሐይቅዳር፣ ያልተነሳ ነገር ልጨምር። ልብስ። ሰርግ ነው ስላልሽ። አሁን የሐበሻ ቀሚስ በልክሽ አታሰፊ፤ ገና ትከሺያለሽ። ያለሽን ወስደሽ ልብስ ሰፊው ጎንና ጎኑን ይያዝልሽ፤ ጨርቁን እንዳይቆርጠው ንገሪው። ቀለበትሽንም እይው። የኔ ቀለበት ሐይቁ ዳር እየተራመድኩ ሳላውቀው ወልቆ ጠፍቷል።

የሆድ ቆዳ ሲንጠለጠል ደግሞ በሙቀቱ ይቆጣል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። ታጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ ለስላሳ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ይህንን ማንም አይነግርሽም፤ ስለሚያፍሩ። ማፈር የለበትም። ሰውነት ከባድ ነገር ተሸክሞ ኖሮ ነው።

የታቦር ልጅ

እሱ እውነት ነው። የምትራመጅ ከሆነ ጠዋት ገና ሳይሞቅ ሐይቁ ዳር ያዢው። ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነች ሳይክልም ጥሩ ነው፤ ጉልበት አይጎዳም። ታቦር ተራራን መውጣት ከጀመርሽ ቀስ ብለሽ፣ ውሃ ይዘሽ።

ሐይቅዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የሲዳማ ልጅ እንዳለው አደረግሁ። አማቴን ብቻቸውን አግኝቼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዝም አሉ። "ሆድሽን ቆረጡት?" አሉኝ። ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው፤ የቱ እንደወጣ፣ የቱ እንደቀረ። የስኳር መድኃኒቴ ስንት እንደነበርና ስንት እንደሆነ አሳየኋቸው። እሳቸውም ስኳር ስላለባቸው ይሄኛው ገባቸው። ከዚያ ያሉት ምን መሰላችሁ? "ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ድፎ ሳስበላሽ ለምን ዝም አልሽ?" ነው ያሉኝ። በማግሥቱ በትንሽ ሳህን ፍርፍር ያለ ዓሣ በሎሚ ሠርተው ጠበቁኝ። ትሪው ጥግ ላይ አስቀመጡት።

ችግሩ ደግሞ፣ ሰንበቴ ሄደው ለሁሉም ነግረዋል። ሰፈሩ አሁን ያውቃል።

እናት ዓለም

ይኸው! የፈራሁልሽ ይህንን ነበር።

ሐይቅዳር

አውቃለሁ እናት ዓለም፣ ደስ አላለኝም። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ግን የድሮው ሹክሹክታ ቆሟል። በሽታ ነው የሚለው ሐሜት ነበር የሚያቃጥለኝ። አሁን የሚጠይቁኝ "ስንት ፈጀ? ለኔም ይሆናል?" እያሉ ነው። ያኛው ይሻለኛል። ላንቺ ግን መደበቁ ከተሻለሽ ማንም ሊያስገድድሽ አይገባም፤ ይህን ከልቤ ነው።

ሰርጉ ላይ አማቴ አጠገቤ እቀመጣለሁ ብለዋል። የሚያጎርሰኝን እሳቸው ይመልሱታል።

የታቦር ልጅ

እንግዲያው ሰርጉን አልፈሽዋል በይ። አንድ ነገር ብቻ፦ በባዶ ሆድ አትሂጂ። ሰርግ ቤት ምግብ መቼ እንደሚቀርብ አይታወቅም። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ብትችዪ፣ ካልቻልሽ አንዱን በልተሽ ውጪ። አንዱ 6 ግራም ፕሮቲን ነው። ቁርጥ አትንኪ፤ ጭረቱ አይፈጭም። ክትፎ ለብ ለብ ከሆነ አንድ ማንኪያ ይወርዳል፣ ቅቤውን ወደ ጎን አድርጊና። ጠጅ ቢመጣ ደግሞ አፍሽን አስነኪና መልሺ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልኮል ቶሎ ነው ራስ ላይ የሚወጣው።

ነርስ ነኝ

ከሰርጉ በፊት የግማሽ ዓመት የደም ምርመራሽን ጨርሺ። ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም። ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ኩላሊትና ጉበት ይታዩ። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንትሽ ሥር ከበላሽ በኋላ ሕመም ካለሽ ደግሞ አልትራሳውንድ ጠይቂ፤ ቶሎ ሲከሱ የሐሞት ጠጠር ይፈጠራል።

ሐይቅዳር

ሕመም የለኝም፣ ተመስገን። ሰኞ ጠዋት ለደሙ እሄዳለሁ። ቫይታሚን ዲና ፌሪቲን እዚሁ ሀዋሳ የሚሠሩበትን ቦታ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ። ባለፈው ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል ተብዬ ውጤቱ ቆይቶብኛል።

የመናኸሪያዋ

የሚሠሩበትን አውቃለሁ። በውስጥ ላክሁልሽ። ሳትበዪ ሂጂ፤ የብረት ኪኒንሽንም የዚያን ቀን ከደሙ በኋላ አድርጊው።